ከወረቀቱ የወጣ እጅ

ፎቶግራፍ የሞተ ሰው አያስነሣም። ይህን አባይነህም ያውቃል፣ አሠሪው ሙሴ ቫርታንም ያውቃል፣ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ሲያፈጥ የሚውለው የአራዳ ሥራ ፈትም ያውቃል። ግን ያ ዓመት የጉድ ዓመት ነበርና፣ ከጊዮርጊስ በታች ባለችው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሙታን ከወረቀት ብድግ ይላሉ የሚል ወሬ አገሩን ሞላው። የአራዳ ወሬ ደግሞ በእግሩ አይሄድም፤ ኦቶሞቢል ነው የሚሳፈረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አርመኑ ፎቶ አንሺ ሙሴ ቫርታን ከፈረንሳይ አገር በመጣለት መጽሔት ውስጥ በቀይና በሰማያዊ የተዥጎረጎረ ሥዕል አገኘ። አብሮት የካርቶን መነጽር ነበር፤ የአንዱ ዓይን መስተዋት ቀይ፣ የሌላው ሰማያዊ። መነጽሩን ሳያደርግ ለሚያየው ሥዕሉ ሰካራም የሠራው ይመስላል። መነጽሩን ሲያደርጉ ግን የፈረንጆቹ ድልድይ ከወረቀቱ ወጥቶ ይቆማል፤ እጅህን ብትሰድ በሥሩ የሚያልፍ ይመስልሃል። ቫርታን ያን ቀን ምሳውን አልበላም።

«ሁለት ዓይን አለን፤ ሁለቱ የሚያዩት ነገር ትንሽ ይለያያል» እያለ አባይነህን አስረዳው። «ለአንዱ ዓይን አንድ ሥዕል፣ ለሌላው ዓይን ሌላ ሥዕል ስጠው። ከዚያ ጭንቅላት ራሱ አገናኝቶ ያቆመዋል።»

ፈረንጆቹ ይህን የሚሠሩት ባለ ሁለት ዓይን የፎቶ መኪና ይዘው ነው። የቫርታን ሐሳብ ግን ሌላ ነበር። የአራዳ ሰው በየሣጥኑ ያስቀመጠው አሮጌ ፎቶግራፍ ሁሉ በአንድ ዓይን የተነሣ ነው። ከተነሡትም ብዙዎቹ አፈር ገብተዋል፤ ኑ እንደገና ልናነሣችሁ አይባሉም። ስለዚህ ያለው መላ አንድ ነው፤ ከአንዱ ፎቶግራፍ ሁለት ማውጣት።

ማውጣቱ የአባይነህ ሥራ ሆነ። ከአሮጌው ፎቶግራፍ ሁለት ቅጂ ይታተማል። አንዱ እንዳለ ይቀመጣል። ሁለተኛውን አባይነህ በምላጭ ይቆርጠዋል፤ ሰውየውን ከጀርባው ይለይና የቀረበውን የአካል ክፍል ጠቀም አድርጎ፣ የራቀውን ለዓመል ያህል ወደ ጎን ፈቀቅ ያደርገዋል። ሰው ከቦታው ፈቀቅ ሲል ኋላው ባዶ ይቀራል፤ ያን ባዶ በብሩሽ ይሞላዋል። በመጨረሻ አንዱ በቀይ፣ አንዱ በሰማያዊ ቀለም ሆነው አንድ ወረቀት ላይ ተደራርበው ይወጣሉ። ሲያወሩት ቀላል ነው። ሲሠሩት ግን ፀጉር ያህል የሳተ እንደ ሆነ አፍንጫው ወደ ማጅራቱ የገባ ሰው ይወለዳል። አባይነህ እንዲህ ያሉትን ስንቱን ወልዶ እሳት ውስጥ ከቷል!

አባይነህ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ልጅ ነው፤ ብሩሽ የጨበጠው አባቱ ሥር ቁጭ ብሎ ነው። አባቱ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቁጡ ሰው ነበሩ። «በሥዕል ቅርብና ሩቅ የለም፤ ክብርና ውርደት ነው ያለው» ይሉት ነበር። «የከበረ ከኋላ ቢቆምም ትልቅ ነው፤ ጭፍራ አፍንጫህ ሥር ቢቆምም ትንሽ ነው። እጅ ይናገራልና እጅን አትደብቅ። ጻድቁን በሁለት ዓይኑ ሣለው፤ ኃጥእን ግን ፊቱን አዙረህ በአንድ ዓይን።» አባትዬው ሲያልፉና የሥዕል ሥራው ሲቀዘቅዝ ልጅ ወደ አራዳ ወረደ። ቫርታን ዘንድ ተቀጥሮ የባላገሩን ሽበት ሲያጠቁር፣ ጢም ላላበቀለው ጢም ሲያበቅል ኖረ። ይኸው አሁን ደግሞ ሙታን ማስነሣት መጣበት።

መጀመሪያ ያስነሣው የአንዲት ባልቴት ባል ነበር። ባልቴቷ መነጽሩን እንዳደረገች «ውይ! ዛሬም ሆዱን እንደ ነፋ ነው!» ብላ ሳቀች፤ ከዚያ ስታለቅስ ዋለች። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ነውና፣ ከዚያ ወዲያ ሰው በየሣጥኑ ያለውን እየመዘዘ ጎረፈ። አንዳንዱ ሲያየው ይስማል፣ አንዳንዱ ያማትባል፣ አንድ ሰውዬማ ወንድሙን አይቶ ዘሎ በሩን ሳይከፍት ሊወጣ ግንባሩን ገጭቷል። አባይነህ ይህን ሁሉ ሲያይ ውስጡን ደስ አይለውም ነበር። ማታ ወደ ቤቱ ሲሄድ ቀን የቆረጣቸው ሰዎች ከኋላው ቆመው የሚያዩት ይመስለዋል። ዞር ብሎ አያውቅም፤ ለምን ይዞር?

ወይዘሮ የሺዓለም የመጡት በጥቅምት ነው። ከድልድዩ ማዶ የሚኖሩ፣ ጥቁር ነጠላ ከለበሱ ከአሥር ዓመት በላይ የሆናቸው፣ ጥጥ ፈትለው የሚያድሩ ሴት ናቸው። ከፎቶ ቤቱ ጎን ካለው ሱቅ ጥጥ የምትሸጥላቸው ነጂባ ናት ወሬውንም፣ የሠዓሊ ልጅ እንደሚሠራውም የነገረቻቸው። ፎቶግራፉን ከጉያቸው አውጥተው፣ የጠቀለሉበትን ጨርቅ ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ልጄ ነው። እምሩ ይባላል» አሉ።

አባይነህ አጎንብሶ አየው። ቀጭን ጎረምሳ፣ ፀጉሩ በቅቤ የተለሰነ፣ የተዋሰው የሚመስል ሰፊ ኮት የለበሰ። ግራ እጁ የወንበር መደገፊያ ይዟል። ቀኝ እጁን ግን የት እንደሚያኖራት ግራ ገብቶት ሆዱ ላይ ገርበብ አድርጎ ይዟታል፤ ፎቶ ፊት የቆመ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው።

«ይነሣል?» አሉት።

«ይነሣል እማማ። ግን ሥዕል ነው። ሰው አይደለም።»

«እሱንማ አውቃለሁ ልጄ፤ ዕድሜ እንጂ ሞኝነት አልያዘኝም።» ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ቀጠሉ። «ፊት ለፊቱ ቆሜ ይቅርታ የምጠይቀው ነገር አለ። መቃብሩ ላይ እንዳልሄድ መቃብሩን አላውቀውም። በዚያ በኅዳር በሽታ ሰው እንደ ማገዶ እየተጫነ ሲወሰድ ማን የት እንደ ተጣለ ማን ያውቃል? የንስሐ አባቴ ‹እግዜር ይቅር ብሎሻል፣ ተይው› ይሉኛል። እግዜርማ ይቅር ባይ ነው። እኔ የበደልኩት እሱን አይደለም።»

አባይነህ ምን በድለውት ይሆን ብሎ ሊጠይቅ አፉን ከፈተ፤ የሴትዮዋን ፊት አየና መልሶ ዘጋው። ለኅዳር ሚካኤል እንዲደርስላቸው ለመኑት። እምሩ የሞተው በዚያን ዕለት ነው። በዓል ስለ ሆነ ቤቱ ዝግ ቢሆንም እኔ ራሴ መጥቼ እከፍትልዎታለሁ ብሎ ቃል ገባላቸው።

ሥራውን ሲጀምር አንድ ነገር መጣበት። ውሃ ጥም ያዘው። ምላጩን አንሥቶ የእምሩን ኮት ጠርዝ መከተል ሲጀምር ምላሱ ደርቆ ከላንቃው ይጣበቃል። ይነሣል፣ ከእንስራው ቀድቶ ይጠጣል፣ ይቀመጣል፤ ደግሞ ይነሣል። ምሳ የበላሁት ጨው በዝቶበት ነው አለ። በማግሥቱ ጨው ያልነካው በላ፤ ያው ሆነ። ሌላ ሰው ፎቶ ላይ ሲሠራ ጥሙ ይለቀዋል። የእምሩን ሲያነሣ ጉሮሮው እንደ ገል ይሆናል። እንስራዋ ባዶ ስትሆን ቫርታን «ምን ጉድ ነው፣ ግመል ነው የቀጠርኩት?» አለው። አባይነህ ሳቀለት። ልቡ ግን አልሳቀም፤ ፈርቷል።

የእምሩ ቀኝ እጅ ላይ ሲደርስ ሳያስበው ያደረገውን አደረገ። የፈረንጁ ሥርዓት ግልጽ ነው፤ ወንበሩ ይቀርባል፣ ደረት ይከተላል፣ ሆድ ላይ ያለ እጅ ከሆድ ብዙ አይርቅም። አባይነህ ግን የአባቱ ልጅ ነው። እጅ ይናገራል፣ እጅ ይቀድማል። ያችን የት ላኑራት የተባለች እጅ ከሁሉ አስቀድሞ፣ ከወንበሩም ከአፍንጫውም አስበልጦ ወደ ፊት አመጣት። በኋላዋ የቀረውን ባዶ በኮት ቀለም ሞላው። ታትሞ ደርቆ በመነጽር ሲያየው እምሩ ከወረቀቱ ወጥቶ ቆሟል፤ ያች እጅ ደግሞ ከእምሩ ወጥታ አየር ላይ ተዘርግታለች። መዳፏ ወደ ላይ ነው። አባይነህ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

«እጅ ምን ሆነች? ሰውየው ገና በር ላይ ነው፣ እጁ እኛ ጋ መጣች!» ብሎ ቫርታን ተቆጣው። «መልሳት ወደ ቦታዋ!»

ሊመልሳት ሞከረ። እጁን ሆዱ ላይ አስቀምጦ ሌላ ሠራ። ያኛው ግን ሕይወት አጣ፤ እምሩ ግድግዳ ላይ የተደገፈ ሣንቃ መሰለ። ደጋግሞ ሠራው፣ እሳት ውስጥ ጨመረው። የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ሲደርስ በእጁ የቀረው ያው ባለ ዝርግ እጁ ነበር። ይኸው ይሁን እንጂ ምን ላድርግ ብሎ በጨርቅ ሸፈነው።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት አዲስ አበባ እንደ ልማዷ ጭስ ጭስ ብላ ዋለች። ያ በሽታ እንዳይመለስ ተብሎ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሰው ቆሻሻውን በየደጁ እያወጣ ያቃጥላል። አራዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰማያዊ ጭስ ለብሳ፣ ከታቦቱ የሚመለሰው ሰው ካልቀረበ ፊቱ አይለይም። አባይነህ ፎቶ ቤቱን ከፍቶ ሥዕሉን ጠረጴዛው ላይ በመጻሕፍት አስደግፎ አቆመው። ወይዘሮ የሺዓለም ከጭሱ ውስጥ ብቅ ሲሉ መጀመሪያ የጎበጡ መስሎት ነበር። ቀረብ ሲሉ ግን ሌላ ነው። በነጠላቸው ሥር ማጅራታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመዋል።

«ኧረ እማማ! ይህን ሁሉ መንገድ?»

«ታዲያ ባዶ ማጅራት ይቅርታ ይጠየቃል?» አሉት።

እውነታቸውን ነው። በአገሩ ደንብ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ከተበደለው እግር ሥር ይወድቃል። ተበዳዩ ይቅር ለእግዜር ብሎ እስኪያነሣለት ድንጋዩ አይወርድም። ሽማግሌም ቢለምን፣ ንጉሥም ቢያዝ፣ የተበዳዩ እጅ ነው የሚያወርደው። አባይነህ ድንጋዩን ተመለከተ። ይህችን ድንጋይ ማን ሊያወርዳት ነው?

ነጂባ ሱቋን ትታ ተከትላቸው ገብታለች። «እኔስ እንዳይወድቁ ብዬ ነው» ትላለች፤ ማየት መፈለጓን ግን ዓይኗ ይናገራል። አባይነህ ሥዕሉን ገለጠ፤ መነጽሩን ለወይዘሮ የሺዓለም ሰጣቸው። አፍንጫቸው ላይ አስቀመጡት። ድንጋዩን በአንድ እጃቸው ደግፈው አዩ። አሁንም አዩ።

«የታል?» አሉ።

«እዚያው ነው እማማ። ዓይንዎን አይጨፍኑ፣ ትንሽ ይታገሡት።»

«እየታገሥኩት ነው። ያው ነው። እንደ ድሮው ወረቀቱ ላይ እንደ ተለጠፈ ነው። ጭራሽ ጠቆረብኝ።»

አባይነህ መነጽሩን ወልውሎ ሰጣቸው። ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ አዞረው። እምቢ አለ። ላቡ በግንባሩ መጣ፤ ምናልባት ጭሱ ነው፣ ምናልባት ቀለሙ ነው እያለ ሲንተባተብ ነጂባ አላስቻላትም፣ «እስቲ እኔ ልየው» ብላ መነጽሩን ተቀበለች።

«ያ ረቢ!» ብላ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። «ቆሟል! ወላሂ ቆሟል! እጁን ዘርግቷል እኮ! አንተ አባይነህ፣ ይህ ልጅ ምን ስጡኝ ነው የሚለው?»

ቃሉ ከአፏ እንደ ወጣ ወይዘሮ የሺዓለም በጉልበታቸው ወለሉ ላይ ወደቁ። ድንጋዩ ግን አልወደቀም፤ በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

«ውሃ ነው» አሉ። «ውሃ ስጡኝ ነው የሚለው።»

ነጂባ አፏን በሻሿ ያዘች። ሴትዮዋ ቀና ሳይሉ፣ ለወለሉ እንደሚናገሩ ሁሉ ተናገሩት።

«ሁለታችንም አንድ መደብ ላይ ወድቀን ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ወድቆ ቀጂ የለም። እንስራው ውስጥ ጥቂት ውሃ ቀርታለች። ልጄ እንደ እሳት እየነደደ ‹እማዬ ውሃ› ይላል። ሰው ሁሉ ለዚህ በሽታ ውሃ ሞት ነው፣ ውሃ የጠጣ አያድርም ይል ነበር። እኔም ከለከልኩት። እጁን ዘረጋልኝ፤ ቆይ ሲለቅህ እሰጥሃለሁ አልኩት። እጁን እንደ ዘረጋ ሞተ።»  ከውጭ የሚነድ ቆሻሻ ሲንጣጣ ይሰማል። «እሱን ከወሰዱት በኋላ ጠማኝ። መሞቴ ካልቀረ ብዬ ያችን ውሃ ጠጣኋት። ዳንኩ። ልጄን የነፈግሁትን እኔ ጠጥቼ ዳንኩ!»

አባይነህ ያ ሁሉ ሰሞን ጉሮሮውን ያደረቀው ጥም አሁን የማን እንደ ሆነ ገባው። ወይም የገባው መሰለው።

«እማማ፣ ይስሙኝ» ብሎ አጠገባቸው ተንበረከከ። «እጁን ወደ ፊት ያወጣሁት እኔ ነኝ። ፎቶግራፉ ላይ እጁ ሆዱ ላይ ነው ያለው። ቆርጬ ያመጣኋት እኔ ነኝ፣ በገዛ ምላጬ!»

«ማን ነገረህ?»

«ማንም አልነገረኝም።»

«ታዲያ ማን አዘዘህ?»

አባይነህ አባቴ ነው እንዳይል አባቱ የሉም፤ ልማድ ነው እንዳይል ልማድ ሰው አያስጠማም። ነገሩን ለማስቀየስ ይሁን እውነቱን ለማወቅ፣ ብቻ ድንገት አንድ ሐሳብ መጣለት። «እስቲ ቀኝ ዓይንዎን በእጅዎ ይክደኑት» አላቸው። ከደኑት።

«አሁን ምን ይታይዎታል?»

«ምን ይታየኛል፣ ጨለማ ነው እንጂ። ያ ዓይኔ ከበሽታው ወዲህ ጠፍቷል። ሲያዩት ደኅና ስለሚመስል ለማንም አላወራሁም። ጥጥ ለመፍተል አንዱ ይበቃኛል።»

«እሱ ነዋ!» አባይነህ በደስታ ሊጮህ ምንም አልቀረው። «ይህ ሥዕል ሁለት ዓይን ካላየው አይቆምም። ለማንም ባለ አንድ ዓይን አይቆምም። ልጅዎ እምቢ ብሎዎት አይደለም እማማ፣ ዓይንዎ ነው!»

ወይዘሮ የሺዓለም ቀና ብለው አዩት። ያዘነለት ሰው አስተያየት ነበር።

«አንተ የሠዓሊ ልጅ አይደለህም? ኃጥእን በስንት ዓይን ነው የምትሥሉት?»

አባይነህ ስንቱን ሰይጣን፣ ስንቱን የሲኦል ሰው በአንድ ዓይን ሥሏል። ምን ብሎ ይከራከራቸው? ፈረንጅ እንዲህ ይላል፣ መጽሔት እንዲህ ይላል ቢል ለዚህች ሴት ምን ይሆናታል?  የቀባው፣ የቆረጠው፣ የለጠፈው ሁሉ አስጠላው። ይህችን እናት ከልጇ ሊያገናኝ ተነሥቶ ጭራሽ በልጇ ፊት ኃጢአተኛ አድርጎ አቆማት።

ነጂባ እንባዋን በሻሿ ጠርጋ፣ «ኧረ ለመሆኑ የሚለምነው ውሃ ከሆነ ለምን አትሰጡትም?» አለች። እንደ ቀልድ ሳይሆን እንደ ቁም ነገር ነው ያለችው።

ወይዘሮ የሺዓለም ሲሰሟት ፊታቸው ተለወጠ። «ውሃ አለህ?» አሉት አባይነህን።

ነበረው። ዛሬም ሊጠማኝ ነው ብሎ ጠዋት እንስራዋን ሞልቷታል። በጣሳ ቀድቶ፣ ጢም አድርጎ አመጣላቸው። ነጂባ ደግፋ አስነሣቻቸው። በግራ እጃቸው ድንጋዩን ማጅራታቸው ላይ አጽንተው በቀኛቸው ጣሳውን ተቀበሉ።

«እኔ አላየውም። አንተ ዓይን ሁነኝ። እጁ የት ጋ እንዳለ ምራኝ» አሉት።

አባይነህ መነጽሩን አድርጎ ከትከሻቸው ኋላ ቆመ። እምሩ ወጣ። ያን ያህል ቀርቦት አያውቅም ነበር። ያች እጅ ከወረቀቱ ርቃ፣ ከወይዘሮ የሺዓለም ደረት ፊት አየር ላይ ተዘርግታለች። ቀዩ ቀለም ውሃ እንደማይችል፣ ጠብታ ቢነካው እንደሚፈርስ ያውቃል። ይጠንቀቁ ሊላቸው አሰበ፤ ለእናት ልጅሽ ውሃ አይችልም ይባላል? ተወው።

«ወደ ቀኝ ትንሽ…» አላቸው። «ከፍ ያድርጉት። ኧረ ቀስ… እጁን አልፈውታል እማማ፣ ወደ ራስዎ ይመልሱት።»

«አሳመምኩት?» ብለው ደነገጡ።

«አላሳመሙትም። ትንሽ ዝቅ… አሁን። አሁን ይያዙት።»

ጣሳው እምሩ መዳፍ ላይ ተቀመጠ። አባይነህ ምላጩ የኔ ነው፣ ቀለሙ የኔ ነው እያለ ለራሱ ይናገራል፤ ሰውነቱ ግን አልሰማውም። ጣቶቹ ሲታጠፉ አየ። እንደዚያ ሊሆን እንደማይችል ያውቃል፣ አየ ግን። ነጂባ በሹክሹክታ ቢስሚላሂ ትላለች።

«እንካ ልጄ» አሉ ወይዘሮ የሺዓለም። ድምፃቸው የወጣት እናት ድምፅ ሆነ። «እንካ ጠጣ የኔ ጌታ። ማንም የሚከለክልህ የለም። እስኪበቃህ ጠጣ።»

ይዘው ቆዩ። ድንጋዩ ከበዳቸውና ክንዳቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የጣሳው አፍ ወደ ግራ፣ ወደማያዩበት ወገን ዘመመ፤ ውሃው በወረቀቱ ላይ ያለ ድምፅ ወረደ።  ቀዩ ፈረሰ። በመነጽሩ ውስጥ የእምሩ እጅ ቀስ ብላ ወደ ኋላ አለች፣ ወደ ሆዱ ተመለሰች፣ ኮቱ ተከተላት፣ ፊቱ ተከተላት፤ ልጁ ወደ ወረቀቱ ገብቶ ተኛ።

ወይዘሮ የሺዓለም ጣሳውን ወደ ደኅናው ዓይናቸው አቅርበው ወደ ውስጥ ተመለከቱ።

«ጎድሏል» አሉ። ከዚያ ጮክ ብለው፣ «አባይነህ፣ ጎድሏል እኮ! ጠጣ?»

ነጂባ ከጠረጴዛው ጠርዝ የሚንጠባጠበውን ውሃ አየች፣ አባይነህንም አየች፤ የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ ጠብታው ላይ ቆመችበት።

«ጠጣ እማማ» አለ አባይነህ። «ጠጥቶ ሲበቃው እጁን ሰበሰበ።»

መነጽሩን አወለቀ። ከኋላቸው እንደ ቆመ ድንጋዩን በሁለት እጁ ከማጅራታቸው ላይ አነሣው። አልከለከሉትም። ነጠላቸው ሥር ቆዳቸው ተልጦ ቀልቷል። ወይዘሮ የሺዓለም አንገታቸውን ቀስ ብለው ቀና አደረጉ፤ የጎደለውን ጣሳ ደረታቸው ላይ ይዘው ወደ ነጂባ ዞሩ።

«ክፉ ልጅ አልነበረም እኮ» አሏት። «ጠምቶት ነው።»